ሐሙስ ሊያረዱኝ ነው

ሰው ሲያረጅ አገሩ ይጠብበታል። ጉልበት ሳለኝ አገሬ ከጎንደር እስከ ኢየሩሳሌም ነበር፤ አሁን ከቤቴ ደጃፍ እስከ ክሊኒኩ ነው፤ ያውም ሄርዝል ጎዳና ላይ ሁለት ጊዜ አርፌ። አትዘኑልኝ። ጠባብ አገር የራሱ ደስታ አለው። የሚያውቃችሁ ይበዛል፤ አንድ ቀን ከቤት ካልወጣችሁ ምን ሆና ነው የሚል አይጠፋም። ሬሆቮት ትልቅ ከተማ ሆናለች ይላሉ፤ ይበሉ። እኔ የማውቃት ሬሆቮት ግን አንድ አትክልት ሻጭ፣ አንዲት ጎረቤትና አንድ አግዳሚ ወንበር ናት። ለእኔ በቂ ነው።

አትክልት ሻጩ ዘካርያ ይባላል፤ ዘሩ ከየመን ነው። ይኸው ስንት ዓመት ቲማቲሙን እየጨመቅኩ ስመርጥ ሲቆጣኝ ኖሯል። ደህናውን ቃሪያ ከሌላው ሰው ደብቆ ያስቀምጥልኛል፣ ሲሰጠኝ ደግሞ አንቺ ሴት ልታከስሪኝ ነው የመጣሽው እያለ ያጉረመርማል። ሳያጉረመርምብኝ የዋለ ቀን ቀኑ የተሟላ አይመስለኝም። ጎረቤቴ ላሪሳ ናት፤ የሩሲያ ሰው። የእሷም የእኔም ዕብራይስጥ ቢደመር የአንድ ሕፃን አፍ አይሞላም፤ ግን በደንብ እንግባባለን። እሷ የታመመ ጉልበቷን ታሳየኛለች፣ እኔ የታመመ ጉልበቴን አሳያታለሁ፣ ሁለታችንም ራሳችንን ነቅንቀን እንለያያለን። አግዳሚው ወንበር ደግሞ ክሊኒኩ ፊት ለፊት ነው። እዚያ ከአገሬ ሰዎች ጋር እንቀመጣለን፤ አለቃው አባ ደሴ ናቸው። አባ ደሴ ጤናቸውን የሚጠብቁት እኔ የምናገረውን ሁሉ በመቃወም ነው። ዛሬ ይሞቃል ካልኩ ይበርዳቸዋል።

እንዲህ ተደላድዬ ሳለሁ ነው እንግዲህ ያ ሳምንት የመጣብኝ።

የጀመረው ከዘካርያ ነው። እሑድ ጠዋት ሱቁ ገባሁና ቲማቲም ጨመቅኩ። ዝም። ሌላ ጨመቅኩ። አሁንም ዝም። ይባስ ብሎ ፈገግ አለልኝ! ከሆነ ሰው ጋር በስልክ እያወራ ነበር፤ እኔን ሲያይ ቶሎ ብሎ ዘጋው። ልወጣ ስል አንድ እስር ናና ከረጢቴ ውስጥ ጨመረና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ በዓይኑ ሸኘኝ። ደነገጥኩ። ሰውዬው ታሞ ይሆን ብዬ ዞሬ እንኳ አየሁት።

ቤት ስደርስ ላሪሳ ደረጃው ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። እጄን ያዘችኝ፤ ጉልበቷን አላሳየችኝም። በዚያች በምታውቃት ዕብራይስጥ ሐሙስ፣ ሐሙስ አለችኝና አፏን በመዳፏ ከደነች። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጉንጬን ስማኝ ቤቷ ሮጣ ገባች። ልብ በሉልኝ፣ በዚያ ጉልበቷ ሮጣ! እኔ ቁልፌን በእጄ እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቀረሁ።

ማምሻውን ልጄ አስቴር ደወለች። ሐሙስ ከሥራ እንደወጣች መጥታ ትወስደኛለች፤ ቂርያት ዔቅሮን፣ የባሏ ዘመዶች ዘንድ እንሄዳለን። ለምን ብላት፣ ኧረ እንዲሁ ነው እማዬ አለች። አስቴር መዋሸት ከልጅነቷም አይሆንላትም፤ ስትዋሽ ድምፅዋ ይቀጥናል። ቀጠነ። ልትዘጋ ስትል ደግሞ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ከመሄዳችን በፊት ምሳሽን በደንብ ብዪ አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

ለማያውቅ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንዲሁ ተነስቶ አይነገርም። ዘመድ የሞተበት ሰው መጨረሻ ነው የሚሰማው። መጀመሪያ ሽማግሎች ይመክራሉ፣ ጎረቤት እንዲያውቅ ይደረጋል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ሩቅ ያለ ዘመድ ይጠራል። ሁሉም ያውቃል፤ ባለሐዘኑ ብቻ አያውቅም። እስከዚያው ሰው ሁሉ ያለ ልማዱ ደግ ይሆንለታል። በደንብ እንዲበላ፣ በደንብ እንዲተኛ ያደርጉታል፤ አንዴ መርዶውን ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስማ። አገራችን ሳለን ሊነጋጋ ሲል ነበር በሩ የሚንኳኳው። እዚህ ግን ጠዋት ሁሉም ወደ ሥራው ስለሚሮጥ መርዶም ሰው ከሥራ እስኪወጣ ይጠብቃል። ሐሙስ ደግሞ ይመቻል፤ በማግስቱ ዓርብ ብዙው ሰው ሥራ ስለማይገባ እንደ ልቡ ያለቅሳል። እኔ ራሴ በዕድሜዬ ስንቱን ሰው ብዪ ጠጪ እያልኩ አታልዬ አርድቻለሁ። ምልክቱ አይጠፋኝም።

ስልኩን አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። ሊያረዱኝ ነው። ግን ማንን?

ሰው በሰው አሰብኩ። ልጆቼን በየቀኑ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ባሌ ከሞተ ቆይቷል፤ እሱን ሁለተኛ የሚያረዳኝ የለም። የቀረኝ አንድ ሰው ነው፤ ጎንደር ያለው ታናሽ ወንድሜ ታከለ። ደወልኩለት። ጠራ፣ ጠራ፣ አላነሳም። ታከለ ማለት ደግሞ ስልክ ገና ሳይጠራ ዘሎ የሚያነሳ ሰው ነው። ሰኞ ደወልኩ፤ አላነሳም። ማክሰኞ ጭራሽ ተዘግቷል። ወጥ ቤት ውስጥ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

ስለ ታከለ ልንገራችሁና ይውጣልኝ። ወደዚህ አገር የመግቢያ ፈቃዳችን የመጣ ጊዜ ስማችን አብሮ ነበር የተጠራው፤ የእኔና የልጆቼ፣ የእሱና የእናታችን። እናታችን ግን በዚያው ሳምንት አልጋ ያዘች፤ ወደ አውሮፕላን ቀርቶ ወደ ደጅም የምትወጣ አልነበረችም። አንዳችን መቅረት ነበረብን። እሱ ነው ቶሎ ብሎ፣ አንቺ ልጆች አሉሽ፣ ሂጂ፤ እናቴ ሲሻላት ይዣት እመጣለሁ ያለኝ። አልተሻላትም። ሦስት ዓመት በእጁ አጥቦ፣ በእጁ አጉርሶ ቀበራት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሕጉ ተለወጠ፤ ፋይሉ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲዞር ይኸው ሃያ ዓመት አለፈ። እዚያው ነው። አንድም ቀን አማርሮኝ አያውቅም። እኔም አንድም ቀን አመስግኜው አላውቅም። እውነቴን ነው። ስንደዋወል ስለ ዝናቡ፣ ስለ መብራት መጥፋቱ፣ ስለ ጉልበቴ ነው የምናወራው። አንተ ባትቀርልኝ ኖሮ እኔ የት እገኝ ነበር የሚል ነገር በደህና ቀን እንዴት ከአፍ ይወጣል? ያሳፍራል። እኛ ሰውን የምናመሰግነው ሲሞት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ የሚስተካከለን የለም።

ለምን አትጠይቂም ትሉኝ ይሆናል። አስቴርን ያዝ አድርገሽ፣ ወንድሜ ምን ሆነ ማለት ነው፤ አለቀ። አይባልም! መርዶ አይጠየቅም። ደግሞ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ልማዱ ብቻ አይደለም የያዘኝ። እስከ ሐሙስ ድረስ ማንም አልነገረኝም፤ ስለዚህ እስከ ሐሙስ ድረስ ታከለ አለ። ጠይቄ ለምን ቀድሜ እገድለዋለሁ? እነዚያን ቀናት ስሄድ እንኳ ቀስ ብዬ ነበር፤ ጊዜው ከእኔ ጋር ቀስ ይል ይመስል።

አንዲት ተስፋ ቀርታኝ ነበር፤ አግዳሚው ወንበር። ረቡዕ ጠዋት ወደዚያው ሄድኩ። ከሩቅ አየኋቸው፤ ራስ ለራስ ገጥመው ያወራሉ። ስደርስ ዝም አሉ። አባ ደሴ ተነስተው ጥላ ያለበትን ቦታቸውን ለቀቁልኝ። ያችን ቦታ ለክሊኒኩ ሐኪም እንኳ አይለቁም። ሴቶቹ ያለ ወትሯቸው ደብቀው ያመጡትን ዳቦ ከረጢቴ ውስጥ ከተቱ። እኔም ልፈትናቸው ብዬ፣ አባ ደሴ፣ ዛሬ ይሞቃል አልኳቸው።

"እውነትሽን ነው፤ ይሞቃል" አሉኝ።

ሞቷል አልኩ በልቤ። ቀጥለው ደግሞ፣ ሰው እንግዲህ ምን ያደርጋል፣ መቻል ነው አሉና ወደ ሌላ ዞሩ። ከዚያ በኋላ ምን ማስረጃ ልፈልግ? ቤቴ ተመለስኩና ሳሎኑን ባዶ ማድረግ ጀመርኩ። ለቅሶ ሊደርሰኝ የሚመጣው ሰው የት ይቀመጣል ብዬ ሶፋውን በዚያ ጉልበቴ እየገፋሁ ግድግዳ አስጠጋሁ። ፍራሽ ዘረጋሁ፣ ስኳርና ሻይ ገዛሁ፣ የወረቀት ኩባያ ደረደርኩ። ሻዩን ስገዛ ሰው እንዳያውቅብኝ ፊቴን አስተካክዬ ነበር። የራሴን መርዶ እኔው ራሴ እደብቅላቸው ጀመር፤ እንዲህ ያለ ጉድ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ሐሙስ መጣ። ምሳዬን በላሁ፤ በደንብ። ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፤ ነጠላዬን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። አስቴር ስትመጣ ቀይ ቀሚስ ለብሳለች፣ ከንፈሯንም ተቀብታለች። አንጀቴን በላችው፤ እናቴ እንዳትጠረጥር ብላ ነው፣ አሁን አደገች፣ ማረዳት አወቀች አልኩ። የእኔን ጥቁር ስታይ ትንሽ ቅር አላት፤ ግን ምንም አልተናገረችም። መኪናው ውስጥ በጎን እየሰረቀች ታየኛለች። ልጄ፣ አይዞሽ፣ እችለዋለሁ ልላት ነበር፤ ይህም አይባልም ብዬ ተውኩት።

ቂርያት ዔቅሮን ስንደርስ የዘመድ ቤት አይደለም ያቆመችው፤ አንድ አዳራሽ ደጃፍ ነው። ደጁ ላይ ቤኤር ያዕቆብ ከተማ የሚኖሩ ዘመዶቻችንን መኪና አየሁ። እነሱም ተጠርተዋል ማለት ነው። አዳራሹ ጨለማ ነው። ነጠላዬን አውጥቼ፣ የሐዘን አለባበስ ነውና ጥለቱን አዘቅዝቄ ለበስኩ። አስቴር በሩን እየከፈተች ስለነበር አላየችኝም። ገባን። መብራቱ ቦግ አለ።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ፊት ለፊት ተደርድረው የተቀመጡት ላይ ነው። አባ ደሴና የአግዳሚው ወንበር ሰዎች፣ ከኋላቸውም ዘመዶቻችን፣ ሽማግሌ የተባለ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቋል። ከዚያ በኋላ ምን ይጠበቃል? ከዳር ያሉት ወጣቶች በአንድ ድምፅ "ሀፍታዓ!" ብለው ጮኹ፤ አንድ ነገር ጧ አደረጉና የወርቅ ቀለም ያለው ወረቀት ራሴ ላይ ዘነበ። ሀፍታዓ ማለት ድንገቴ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በዚያች ሰዓት ግን ዕብራይስጥ የሚሰማ ጆሮ ከየት ይመጣል? ከሁሉም በላይ የጮኽኩት እኔ ነኝ።

ደረቴን መታሁ። ታከለ ወንድሜ አልኩ። እናቴን ጧሪ፣ እናቴን ቀባሪ፣ እኔ ሄጄ አንተ የቀረህልኝ አልኩ። በአንተ መቅረት ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፣ የበላሁት እንጀራ የአንተ ነው፣ ሃያ ዓመት አፍሬ ሳልነግርህ አመለጥከኝ አልኩ። ሌላም ብዙ አልኩ፤ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሽማግሎቹ ይህንኑ ሲጠብቁ ነበርና በአንድ ጊዜ ተቀበሉኝ። ላሪሳም እዚያ ኖራለች፤ ምንም ሳይገባት አብራ አነባች። ዘካርያ ኬክ በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። የልደት ዘፈኑ በድምፅ ማጉያው እንደቀጠለ ነው፤ የሚያጠፋው ሰው አልተገኘም። የልጅ ልጄ ሊሮን ደግሞ ቀሚሴን እየጎተተች፣ ሳፍታ፣ ዮም ሁሌዴት፣ አያቴ፣ ልደትሽ ነው ትለኛለች። የማን ልደት? እኔ የተወለድኩት ገብስ ሲታጨድ ነው። መታወቂያዬ ላይ ያለውን ቀን የመዘገበችኝ ጸሐፊ ከራሷ አውጥታ የጻፈችው ነው፤ ሰባ ዓመት የሞላኝም በእሷው ቁጥር ኖሯል።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ስክሪን ተሰቅሎ ነበር፤ እኔ አላየሁትም። ታከለን ከጎንደር በቪዲዮ አዘጋጅተው፣ ነጭ ሸሚዝ አስለብሰው፣ እንኳን አደረሰሽ እንዲለኝ አስቀምጠውታል። ስልክ ያላነሳውም ምስጢር ስለማይቋጥር አስቴር እንዳያነሳ አስምላው ነው። ይኸው ምስኪን እንግዲህ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሲያለቅስ ሲያይ እሱም ማልቀስ ጀምሯል። አንዱ ዘፈኑን ሲያጠፋው የሟቹ ድምፅ ከላይ መጣ።

"እቴቴ፣ ማን ሞቶ ነው?"

ቀና አልኩ። ታከለ ግድግዳውን ሞልቶ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ ያየኛል። እንዴት እንደደነገጥኩ አልነግራችሁም፤ ሞተ ብዬ እንኳ እንደዚያ አልደነገጥኩም። የመለሱለት አባ ደሴ ናቸው፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

"አንተ ነሃ" አሉት።

ታከለ ትንሽ አሰበ።

"መቼ?" አለ።

ነገሩ እስኪጣራ ሩብ ሰዓት ፈጀ። አስቴር ለሽማግሎቹ እየደወለች ያለቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሐሙስ ኑ፣ እናቴ እንዳትሰማ። ለሽማግሌ እንዲህ ካሉት ሌላ ምን ሊመስለው ነው? እነሱ በልባቸው ከዘመዶቼ ሟቹን መርጠው፣ አዝነውልኝ፣ ዳቦ ይዘውልኝ መጡ። እኔ ደግሞ የእነሱን ሐዘን አይቼ አረጋገጥኩ። ልጆቻችንን እንግዲህ ምን እንላቸዋለን? ነገር መደበቁን ከእኛው ወርሰዋል፤ የሚደብቁት ነገር ነው የተለወጠው። እኛ ሐዘን ስንደብቅ አርጅተናል፣ እነሱ ደስታ መደበቅ ተማሩ፤ ደስታ ይደበቃል ብሎ የነገረን ሰው ግን አልነበረም። አስቴር ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ ሳይለይ አቀፈችኝ። ሽማግሎቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ኬክ በሉ። አባ ደሴ ጣፋጭነቱ በዝቷል ብለው ሁለተኛ ቁራሽ ጠየቁ። ዘካርያ ቲማቲሜን የምትጨምቅ ሴት እንደዚህ መጮህ እንደምትችል አላውቅም ነበር አለኝ፤ ላሪሳ ደግሞ ደስ ሲላትም እንደምታለቅስ ያን ቀን ገባኝ።

አልቆ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዓርብ ጠዋት፣ ሶፋውን ወደ ቦታው ልመልስ ስታገል፣ ታከለ በቪዲዮ ደወለ። ሰላምታውን ሳይጨርስ፣ ትናንት ያልሽውን ግማሹን አልሰማሁትም አለኝ። ዘፈኑ አለ፣ ሽማግሎቹ ይጮሃሉ፣ መስመሩም ይቆራረጥ ነበር።

"እኔ ሄጄ አንተ የቀረህልኝ ካልሽ በኋላ ምን አልሽ? እስቲ ድገሚልኝ።"

በዚያ ሳምንት ብዙ ደንግጫለሁ፤ የዚህን ያህል ግን አልነበረም። ሲሞት ያለ ጥሪ የጎረፈው ቃል፣ እሱ ቁጭ ብሎ በዓይኑ ሲያየኝ አንዱም አልመጣ አለ። ከሶፋው ጋር ስታገል ወገቤን እንደያዘኝ ልነግረው ጀመርኩ።

"እሱን አይደለም" አለኝ።

ፊቱን አየሁት፤ እኔ ስሄድ አንድ ሽበት አልነበረውም፣ አሁን ሸብቷል። የሚጠብቀኝ እየቀለደ አይደለም፤ የምሩን ነው። አፈርኩ። እንዲህ እያየኸኝ አልችልም አልኩት።

ታከለ ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደገፈው። ከዚያ አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋለለ፣ እግሩን ገጠመ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣመረ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

"በይ አሁን" አለኝ።